የቁም ፍትሐት

መጽሐፏ ከታተመ ዓመት ሊሞላው ሰሞን፣ ስንዱ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ጀመር፤ ማንም ሳያነበው እንዲቀር።

ከዚያ በፊት ምኞቷ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ልብ ወለዱን የጻፈችው ከክፍል መልስ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። አሳታሚ አላገኘችም። እውነቱ ሲነገር አልፈለገችምም፤ የማታውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ጽፌያለሁ» ማለት አይሆንላትምና። በራሷ አሳተመችው። ካርቶኖቹ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭነው የመጡ ዕለት፣ የመናኸሪያው ተሸካሚዎች ሳሙና ነው፣ አይደለም ዘይት ነው እያሉ ሲከራከሩ፣ «መጽሐፍ ነው፣ የኔ ነው» ማለት አፍራ ሳሙና ይባል ብላ ተወችው፤ ተሸከሙላት።

ምረቃው በኅዳር ወር በከተማው አዳራሽ ተደረገ። መምህራኑ መጡ፤ ተማሪዎቿ በሰልፍ መጡ፤ ርእሰ መምህሩም ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ትምህርት ጥራት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ማይኩ ለሷ ሲደርስ «አመሰግናለሁ» ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የትንንሽ እፍረቶች ጊዜ ሆነ። የፊደል ግድፈት ገና መግቢያው ላይ ተገኘ። የሒሳቡ መምህር እሸቱ ሰው በተሰበሰበበት ማረፊያ ክፍል፣ «ደራሲት፣ በቅሎዋ ምዕራፍ ሁለት ላይ ጥቁር ነበረች፤ ምዕራፍ ስድስት ላይ ነጭ ሆነች። ሸበተች እንዴ?» ብሎ አሳቀባት። ሌላው ደግሞ «አንብቤዋለሁ፣ ግሩም ነው» ይላትና የቱ ቦታ ግሩም እንደ ሆነ እንዳትጠይቀው ቶሎ ወሬ ይለውጣል። እያደር መጽሐፉ እንደ ሠርግ ጥሪ ካርድ ሆነ። ሁሉም ተቀበለው፣ ሁሉም መደርደሪያ ላይ ሰካው፣ ማንም አልገለጠውም።

ይህም አንገቷን ያስደፋት ነበር። ትልቁ እፍረት ገና መንገድ ላይ እንደ ሆነ ግን አላወቀችም።

የስንዱ የክርስትና እናት እትዬ እጅጋየሁ ይባላሉ። ቤታቸው ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ ከገብስ ማሳ ዳር ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ስንዱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ከካህኑ እጅ ተቀብለው የታቀፏት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከክንዳቸው ያወረዷት አይመስላቸውም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች በየወሩ በሶ ይልኩላት ነበር። ሥራ ስትይዝም፣ ደሞዝተኛ መሆኗን እያወቁ፣ መላኩን አልተዉም። ማንበብ አይችሉም። ሆኖም መጽሐፉ ሲወጣ እንደሳቸው የፈነደቀ ሰው አልተገኘም። ገበያ መካከል ሰው እያቆሙ ከጀርባው ያለውን የስንዱን ፎቶ ያሳያሉ። «ይቺት፤ የኔዋ ናት» ይላሉ። ለስንዱ ደግሞ በተገናኙ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ መቼ ታነቢልኛለሽ? ስንዱም ሰበብ አታጣም። የፈተና እርማት አለ፤ ሁዳዴ ነው፤ ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ዐይኔን አሞኛል።

ሰበቡ ሁሉ ከአንድ ገጽ መሸሺያ ነበር።

ስንዱ ደሴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ አንድ መስከረም ለግሸን ማርያም በዓል ከጓደኞቿ ጋር ልትሳለም አሰበች። እትዬ እጅጋየሁ ይህን ሲሰሙ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሣ ነጠላቸውን በሁለታቸው ራስ ላይ ጋረዱና የክርስትና ስማቸውን በጆሮዋ ነገሯት። «አስጠሪልኝ» አሉ። ያገሩ ሰው የክርስትና ስሙን እንደ ዘር እህል ይጠብቀዋል። መተተኛ እጅ እንዳይገባ ይፈራል፤ ከንስሐ አባቱና ከቅርብ ወገኑ በቀር ለማንም አያወጣውም። ያ ስም በሰው ፊት ጮክ ተብሎ የሚጠራበት ጊዜ ሁለት ነው፤ በጥምቀት ቀንና በፍትሐት ቀን። ስንዱ አደራዋን ተወጣች። አምባው ላይ ወጥታ ለካህኑ ስሙን ሰጠች፤ አስጠራች።

ዓመታት አልፈው ልብ ወለዱን ስትጽፍ፣ ፍቅር የምትባለውን ዋና ባለታሪክ ያሳደጉት አሮጊት፣ አበራሽ፣ የሚሞቱበት ምዕራፍ ላይ ደረሰች። ካህኑ በፍትሐቱ ላይ የሟቿን የክርስትና ስም መጥራት ነበረባቸው። አንድ ስም ጻፈች፣ አልሆነም። ሌላ ጻፈች፣ እንደ ተውሶ ልብስ ሰፋ። በመጨረሻ በጆሮዋ የቀረውን ያን ስም ጻፈችው፤ ዐረፍተ ነገሩ ነፍስ ዘራ። ኋላ እቀይረዋለሁ አለች። አልቀየረችውም። ረስታው አይደለም፤ አምሮባት ነው። ደግሞስ ማን ያውቃል? ስሙን የሚያውቁት እግዚአብሔርና የንስሐ አባታቸው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው እንደ ሆነ አያነቡ።

«እሳቸው አያነቡ» ማለቷን ባስታወሰች ቁጥር ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች፤ ብቻዋንም ሆና።

ዘንድሮ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ልትሳለም ብትቀርብ፣ ቄስ ማቴዎስ ወደ ጽዱ ሥር ጠቀሷት። ቄስ ማቴዎስ የእትዬ እጅጋየሁ የንስሐ አባት ናቸው። መጽሐፉን በምረቃው ዕለት ወስደው በየሰንበቱ ጥቂት ጥቂት ሲያነቡት እንደ ከረሙ ታውቃለች፤ እሳቸውም ዐይናቸው እየደከመ ነው እንጂ ጥሩ እየሄደ ነው ይሏት ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ስለ መጽሐፉ አንሥተውባት አያውቁም።

«ለመነኩሴ በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ታውቂያለሽ» አሏት።

«አውቃለሁ አባ።»

«ፈቅዶ ነው። ለዓለም ሞቻለሁ ብሎ፣ በአፉ እሺ ብሎ።»

ስንዱ መሬት መሬቱን አየች። ቄስ ማቴዎስ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ ከንስሐ ልጃቸው የሰሙትን በአፋቸው እንደማያወጡ፣ ስለዚህም አሁን ምንም እንዳልነገሯት ነገሯት። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል» አሉ ቀጥለው። «የጽሑፉ ደግሞ ታትሞ ይሸጣል።»

ከዚያ ዋናውን ጉዳይ አስረዷት። ዘንድሮ የኅዳር ጽዮን ማኅበር ተራው የእትዬ እጅጋየሁ ነው። ከጽዋው በኋላ የልጄ መጽሐፍ ይነበብልኝ ብለዋል። የሚያነበው ወገዳ ከተማ ፋይናንስ ቢሮ የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ ዳግም ነው። እዚያ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ የተቀመጡትንም ቅጂዎች ለማኅበርተኛው አምጣ ተብሏል። መጽሐፉ እንዳለ አይነበብ፤ ደህናውን ቦታ ምረጥ ቢሉት፣ ዳግም የቀብሩን ቦታ መርጧል፤ ሰው የሚያስለቅሰው እሱ ነው ብሎ።

ስንዱ ቤቷ እንደ ገባች በሩን ዘጋችና ካርቶኖቹን ከአልጋው ሥር ጎተተች። ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያን ገጽ እየገለጠች በጥቁር ማርከር ትሰርዘው ጀመር። ሰረዙ ወረቀቱን አልፎ ከጀርባው ባለው ገጽ ላይ ይታያል፤ ይታይ። ጀንበር እስኪያዘቀዝቅ ሰርዛ ስትጨርስ ጣቶቿ ጠቁረው ነበር። በየመምህራኑ መደርደሪያ የተሰኩትን ግን ማንም እንደማይገልጣቸው ታውቃለች። ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ትዝ አሏትና እዚያ የምታስተምረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ጽዮን ጋ ደወለች። ስሙን በስልክ መጥራት አልቻለችም፤ ገጹንና መስመሩን ብቻ ነግራት ሰርዢልኝ አለቻት።

ጽዮን ሳቀች። «ማኅተም ከተመታባቸው ወዲህ የነካቸው የለም። አይዞሽ» አለቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ስንዱ ከልቧ። ያለችው ነገር የገባት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው። ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብላ ቆየች።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ወገዳ ተሳፈረች። መንገዱ እንደምታውቀው ነው፤ ሚኒባሱ ከጉድጓድ ወጥቶ ጉድጓድ ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ይታጨዳል፤ አጫጆቹ መኪናው የሚያነሣው አቧራ ሲደርስባቸው ፊታቸውን አዙረው ያሳልፉታል። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ባለቤት ኪዳን ከሩቅ አይቷት ከመቀመጫው ተነሣ።

«ደራሲት፣ ሌላ ካርቶን ይዘሽ ከሆነ እንዳታወርጂ» አላት።

አልያዝሁም፣ ስህተት ላርም ነው የመጣሁት አለችው።

«ስንት ስህተት?»

«አንድ ቃል።»

«ለአንድ ቃል ከእስቴ ወገዳ?» ኪዳን ከደብተሮቹ በላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት እያወረደ ራሱን ነቀነቀ። በመስኮቱ በኩል የሚገባው ፀሐይ ሽፋኑን አንጥቶታል፤ የስንዱ ፎቶ ያለ ፊት ቀርቶ ነጠላዋ ብቻ ይታያል። ኪዳን ላግዝሽ ብሎ ስክሪብቶ ቢያነሣ ቀልጠፍ ብላ ከለከለችው። «አትፍሪ፣ እኔ አላነብም» አላት፤ እሷም ይህ ስድብ ይሁን ማጽናኛ ሳይለይላት ሰረዘች፣ ሰረዘች። ስትጨርስ ኪዳን ከሱቁ የወጡት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ነገራት። አንዱን የወሰደው ዳግም ነው። ሌላውን የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ህይወት።

ህይወትን ያገኘቻት ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው፤ ተረኛ ነበረች። የመጽሐፉ ደራሲ መሆኗን ስትሰማ እጇን ይዛ አለቅም አለች፤ ከቦርሳዋም መጽሐፉን አወጣች። ጠርዙ ተልጧል፣ መካከሉ አብጧል፤ በእርግጥ የተነበበ መጽሐፍ ነበር። ስንዱ ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን ነገር ስታየው ተቀብላ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ለአፍታ የመጣችበትን ረሳች። ከዚያ ያን ገጽ ገለጠችው። ስሙ ያለበት መስመር በስክሪብቶ ተሠምሮበታል።

ህይወት ለምን እንዳሠመረችው ነገረቻት። እኛ ዘንድ ሞቶ የሚወጣ ሰው ካርድ ቁጥር ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ሴትዮዋ በስሟ ስትጠራ ሰውነቴን ወረረኝ አለች። ይህን እያለች ስንዱ ማርከሩን ከፈተችና ስሙን ሰረዘችው።

«ምነው? ስሙ ምን አጠፋ?»

«የሰው ነው» አለች ስንዱ።

ህይወት የጠቆረውን ቦታ አየች፤ ስንዱንም አየች። መጽሐፉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደህና ሁኚ ስትላት እጇን አልያዘችም።

ዳግምን ያገኘችው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው። በልጅነቱ ድቁና የተማረ፣ ድምፁን የሚወድ፣ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ቦታ ለቀቀላት፣ አስተዋወቃት፣ ብዪ አላት። መጽሐፍህን አንዴ ስጠኝ ብትለው እቤት ነው አላት። አንድ ቃል እንዳርም ነው ብትለው እጁን አወናጨፈ።

«መጽሐፉ ምን ያደርግልኛል? ያን ቦታ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ስንዱ ተው ልትል አፏን ስትከፍት ዳግም ጋቢውን አስተካክሎ ተነሥቶ ነበር። በሚያምር የዲያቆን ድምፅ፣ ሳያነበንብ፣ ሳይቸኩል፣ አስከሬኑ ከአጥሩ በር ሲወጣ ካለው ጀምሮ አወረደው። ፍትሐቱ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገና ስሙን ጠራው። በጆሮዋ በሹክሹክታ የተሰጣት ስም፣ በሽንኩርት ጥብስ ሽታና በሳህን ኳኳታ መካከል፣ አንድ ምግብ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሰውዬ ጉርሻውን አቁሞ «ነፍስ ይማር» አለ።

ስሙ የአክስቱ መሆኑን ዳግም አያውቅም። ሌላ ስም በለው ብላ ለመነችው። ለምን ይቀየራል፣ ያማረው እሱ ነው አላት። ያማረው እሱ መሆኑን ስንዱም ታውቃለች። ምክንያቱን ብትነግረው ደግሞ ስሙ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ተሰጠ ማለት ነው። ሳትነግረው ተነሥታ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሳ ስትቀመጥ ማርከሩ በቦርሳዋ ውስጥ ተከፍቶ ዕቃዋን ሁሉ አጥቁሮት ነበር፤ አልጠረገችውም። ከእንግዲህ መሰረዝ አይረዳም። የቀረው መናገር ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ እጅጋየሁ ቤት ደረሰች። ለማኅበሩ ጠላ ጌሾ እያሹ ነበር፤ ጣታቸው አረንጓዴ ሆኗል። ስንዱን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ግንባሯን ሳሟትና ወደ ግድግዳው አሳዩዋት። የሟች ባላቸው መዝሙረ ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ አዲስ፣ የቆዳ ሽታው ያልለቀቀው ሌላ ማኅደር ተሰቅሏል።

«ለመጽሐፍሽ አሠራሁለት» አሉ። «ልኩን አንቺን እንዳልጠይቅሽ ተደብቄ ነው የለካሁት።»

ስንዱ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከጌሾው ዘለላ አንሥታ እሷም ታሽ ጀመር፤ እጇ ሥራ ካልያዘ አፏ እንደማይከፈት ታውቀዋለች።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ይሞታሉ። አንቱን አስመስዬ ነው የጻፍኋቸው።»

«ይሁን። ሰው ሰውን ይመስላል።»

«ስምዎንም ጽፌዋለሁ።»

«እጅጋየሁ ብለሽ?»

«አይደለም። ለግሸን የሰጡኝን።»

የእትዬ እጅጋየሁ እጅ ቆመ። ሰው ይሰማ እንደ ሆነ ወደ በሩ ዞር አሉ፤ ቀጥለው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አዲስ ማኅደር አዩ። ስንት ሰው እንዳየው ጠየቋት። ጥቂት ሰው ነው አለቻቸው። የት ቦታ ላይ እንደ ጻፈችው ጠየቁ።

«ፍትሐቱ ላይ።»

«ቀበርሽኝ በይኛ።»

 ጌሾው በስንዱ ጣቶች መካከል ደቆ አልቋል፤ እሷ ግን ማሸቷን አላቆመችም። እትዬ እጅጋየሁም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም። ያለቅሳሉ ብላ ፈራች፤ አላለቀሱም። ስለ ሩቅ ዘመድ ቀብር እንደሚጠይቅ ሰው በዝግታ ይጠይቋት ገቡ። ሰው መጣ ወይ አሉ። አገሩ ሁሉ መጥቷል አለች። ወሩ ምን ነበር አሉ። ጥቅምት ነው አለቻቸው።

«አጨዳ ላይ ሰው አስቸገርሁ» አሉ። «ማን አለቀሰልኝ?»

«ጎረቤቱ።»

«ጎረቤትማ ለማንም ያለቅሳል። ያቺ ያሳደግኋት ልጅስ?»

ስንዱ ጌሾውን አስቀመጠች።

«አልደረሰችም።»

«ለምን?»

«አዲስ አበባ ነበረች። መንገድ ተዘግቶ።»

«ኋላስ? መንገዱ ሲከፈት?»

«ኋላ መጽሐፉ ያልቃል።»

እትዬ እጅጋየሁ አዩዋት። መንገድ ተዘግቶ የሚለው ሰበብ መሆኑን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሷን ሰበብ ሲሰሙ ከርመዋል። እውነቱ ሌላ ነበር። ስንዱ ያን ምዕራፍ ስትጽፍ ፍቅርን ከአስከሬኑ አጠገብ አቁማ ማስለቀስ ሞክራ ነበር። እንዲህ ደረት እየመታች፣ ስም እየጠራች የምታለቅስ ሴት በሷ እጅ ስትጻፍ አፈረች፤ በወረቀት ላይ እንኳ አፈረች። ስለዚህ መንገዱን ዘጋችው። ልጅቱን አዲስ አበባ አስቀርታ ሴትዮዋን በጎረቤት እጅ አስቀበረቻቸው። በምረቃው ዕለት ረቂቁን ያነበበ አንድ መምህር ያ ምዕራፍ በጣም ቁጥብ ነው ብሎ ሲያመሰግናት ደስ ብሏት እንደ ነበር አሁን ትዝ አላት።

«ስሙስ ይሁን፤ እግዜር ያውቀዋል» አሉ እትዬ እጅጋየሁ በመጨረሻ። «እኔ ልጅ የለኝም። ይህን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሌላ አልጨመሩም። ስንዱ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ቀና በይ ሳይሏት ቆዩ። ከዚያ ሳይመሽብሽ ሂጂ አሏት። እስከ በሩ ድረስ መሸኘት ልማዳቸው ነበር፤ ያን ቀን ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ስንዱ ላለመምጣት ብዙ አሰበች። መጣች። ጾም ነውና ሽሮና ክኩ ከጠዋት ተሠርቶ ነበር፤ እሷም ማኅበርተኛው ሲገባ የእጅ ውኃ አስታጠበች፣ ጠላ ቀዳች። እትዬ እጅጋየሁ ከሷ ጋር የተነጋገሩት ስለ ሥራ ብቻ ነው፤ ይህን አምጪ፣ ለእሳቸው ጨምሪ። ዳግም ቤቱን በሳቁ ሞልቶታል። ከወገዳ ያመጣቸውን መጻሕፍት መደቡ ላይ ከምሯል፤ አንዳንዱ ሽማግሌ አንሥቶ ይመዝነዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ቄስ ማቴዎስ ጽዋውን ባርከው ከተዳረሰ በኋላ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የተባሉት አዛውንት፣ እንግዲህ ልጁ ያንብብ አሉ። ዳግም ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ስንዱ የጠላውን ጆግ ይዛ ምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ በሩም ወደ ጓዳውም መሄድ አልቻለችም። እትዬ እጅጋየሁን ለማየት ቀና ማለትም አልቻለችም።

«ዳግም፣ ተቀመጥ» አሉ እትዬ እጅጋየሁ።

«ገና ልጀምር ነው እኮ እቴቴ።»

«ተቀመጥ። ልጄ አልጨረሰችውም። ስትጨርሰው ይነበባል።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የታተመ መጽሐፍ እንዴት አላለቀም ይባላል አሉ። ፎቶዋ ሳይቀር ወጥቶ አለ አንዱ። ሙሴው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ጣራ ያልወጣለት ቤት ነዋ ያከራየሽን» አሏት፤ ሳቁ እንደ ገና ተነሣ። ቄስ ማቴዎስ ብቻ ጽዋቸውን እያዩ አልሳቁም። ዳግም ክብሩ እንደ ተነካ ሰው እጁን ዘርግቶ ተሟገተ። እኔ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቤዋለሁ፤ አልቋል፤ ከፈለጋችሁ ራሷን ጠይቋት አለ።

ሁሉም ወደ ስንዱ ዞረ። አዳራሽ ውስጥ ማይክ ተሰጥቷት አንድ ቃል ተናግራ የተቀመጠችውን ልጅ አብዛኛው ያውቃታል፤ ምን ትል ይሆን ብለው ጠበቁ። ጆሮዋ ነደደ። ዓመት ሙሉ ሲያሸማቅቃት የኖረው ነገር ሁሉ፣ ግድፈቱም በቅሎዋም በመደርደሪያ ላይ መቅረቱም፣ በዚህ ቤት ፊት ከምትለው ነገር ጋር ሲመዘን ቀላል ነበር።

«አላለቀም» አለች።

ከወደ በሩ የተቀመጡት ምን አለች አሉ።

«አላለቀም» ብላ ደገመች። «አሁን ያለው መጨረሻ ልክ አይደለም። ልጅቱ መድረስ ነበረባት።»

ለምን ቀድመሽ አላሰብሽበትም አሏት። አፍሬ ነው አለች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እነሱም ሰው በሚያፍርበት ነገር ደርቆ መጠየቅ ነውር ነውና ተዉዋት። ሙሴው ባዶ ዋንጫቸውን ወደሷ ዘረጉ። ስንዱ ቀዳችላቸው፤ ወደሚቀጥለው ሰውም አለፈች። እትዬ እጅጋየሁ አጠገብ ስትደርስ አላዩአትም። ያኮረፈው ዳግም እንዲበላ ከትሪው ላይ እንጀራ እየቆረሱ ይጨምሩለት ነበር።